ከትርጉም ልውጣ

ሥራ የጀመርሁት የወንድሜ አርባ በወጣ ማግስት ነው። በአዳማ ችሎት የኦሮምኛ አስተርጓሚ እሱ ነበር፤ ወባ ገደለው። እኔ አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ነበርሁ። ለለቅሶ መጥቼ ቀረሁ።

ዳኛው አስጠሩኝ። «ቋንቋውን እንደ ወንድምህ ታውቃለህ?»

«ካንድ እናት ነው የተማርነው፣ ጌታዬ።»

«በል እንግዲህ፣ እሱ ይቆምበት በነበረው ቁም።»

ችሎቱ የሚውለው ከባቡር ጣቢያው ወዲህ፣ ከግራሩ ጥላ ሥር ነው። አስተርጓሚ በከሳሽና በተከሳሽ መካከል ይቆማል። ወንድሜ ይቆምበት የነበረው ቦታ ሣር አልነበረውም፤ እግሩ ጨርሶታል። እዚያ መቆም ከበደኝ። ደግነቱ ባቡር መጣ። ባቡር ሲመጣ ችሎቱ ዝም ይላል፤ ጉሮሮዬን እስክጠርግ ጊዜ አገኘሁ።

ወንድሜ ስለ ሥራው ሲያጫውተኝ እንዲህ ይል ነበር፦ «አስተርጓሚ የሰማውን እንጂ የሚያውቀውን አይናገርም። የራስህ ቃል ካለህ ‹ከትርጉም ልውጣ› ብለህ አስፈቅድ። ከወጣህ ግን በዚያ ነገር አትመለስም፤ ሌላ ሰው ይተካል።»

የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ ጫልቱ ትባላለች፤ ከአዳሚ ቱሉ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። የባሏ ወንድም ገመዳ አንዲት ላሟን ከነጥጃዋ ነድቶ ወስዶባታል። ልጆቿ ከዚያች ላም በቀር ወተት የሚያገኙበት የላቸውም።

ገመዳ «የወንድሜ ከብት ናት፤ እሱ ሲሞት ለእኔ ትገባለች» አለ።

ጫልቱ «ለእኔ የተሰጠች ናት» አለች።

«ማን ሰጠሽ?» አሉ ዳኛው።

«የባሌ አባት። ነፍሱን ይማር።»

«ስሙን ጥሪ። ሰጪው በስሙ ሳይጠራ ምስክር አይሰማም።»

ተረጎምሁላት። አንገቷን ደፍታ ዝም አለች።

ገመዳ ፈገግ አለ። «የባሏን አባት ስም ያላወቀች፣ ላሟን እንዴት አወቀች? ትጥራው እንጂ።» ይህንንም ተረጎምሁ።

«ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምጠይቅሽ» አሉ ዳኛው። «ዝም ካልሽ እንደተረታሽ ይቆጠራል።»

ለምን ዝም እንዳለች ገብቶኛል። እናታችንም የአባታችንን አባት ስም ጠርታ አታውቅም። ልጆች ሳለን ወንድሜ ሊያስታት ይሞክር ነበር። «እማዬ፣ አያታችን ስሙ ማን ነበር?» ይላታል። «ያ ትልቁ ሰው» ትላለች። «ይልቅ ተነሥተህ እንጨት ፍለጥ።»

«ጌታዬ፣ ከትርጉም ልውጣ?» አልሁ።

«ገና በመጀመሪያ ቀንህ?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ውጣ።»

ሣር ከሌለው ቦታ ወጥቼ ቆምሁ። «በአገሯ ልማድ ሴት የአማቷን ስም በአፏ አትጠራም። ነውር ነው።»

ጣቢያው ላይ ጨው የሚሸጡ፣ ኦሮምኛም የሚያውቁ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ የወሎ ሰው ነበሩ፤ እሳቸው ተጠርተው በቦታዬ ቆሙ። ዳኛው ወደ ገመዳ ዞሩ።

«ያንተ ሚስት የአባትህን ስም ትጠራለች?»

ገመዳ መሬት መሬት እያየ «አትጠራም» አለ።

«ብትጠራውስ?»

«እናቷ ቤት ትሄዳለች።»

ሰዉ ሳቀ። «እንግዲያው አንተ ጥራው። አባትህ ማን ይባላል?»

«ጂሎ።»

«ላሟን የሰጠሽ እሱ ነው?»

«ኤዬ» አለች ጫልቱ። ያልገባው ሰው አልነበረም፤ ጋሽ ሰይድ ግን ኮስተር ብለው «አዎ፣ ትላለች» አሉ።

ምስክሮቿ ተሰሙ። ከዳኛው ጋር የተቀመጡት ሽማግሌዎች እንደ ወጉ ከታናሹ ጀምረው ሐሳባቸውን ሰጡ፤ በመጨረሻ ዳኛው ፈረዱ። «ሳያውቅ ዝም ያለና አክብሮ ዝም ያለ እኩል አይታዩም። ላሟ ከነጥጃዋ ትመለስ።»

እኔ ከግራሩ ጥግ ቆሜ፣ ሥራዬ በዚያው ያለቀ መስሎኝ ነበር። ዳኛው ሲነሡ በአጠገቤ አለፉ።

«ነገ ደግሞ እንዳትወጣብን። ለጋሽ ሰይድ ጨው የሚሸጥላቸው የለም።»

በማግስቱ በወንድሜ ቦታ ላይ ቆምሁ። እንደ ትናንቱ አልከበደኝም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ክርክር ተርጉሜአለሁ፤ ከትርጉም የወጣሁት ግን ጥቂት ጊዜ ነው።

ለዚህ ሥራ አዲስ የሆናችሁ፣ የምታውቁትን በባለጉዳዩ ቃል ውስጥ አትጨምሩ። መጀመሪያ አስፈቅዱ፣ ከቦታው ውጡ፣ ከዚያ ተናገሩ።