የአክተሩ ስድስት ጎራሽ

ዛሬ ጠዋት ትንሹ ልጄ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ጥቁር ቀለም ሲቀባ፣ ሽታው ሽው አለብኝና የነፋስ ስልኩን ቤታችንን፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር እርስ በርስ የማያደማምጠንን የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከሁሉም በላይ ግን የታላቅ ወንድሜን የታዬን ሽጉጥ ይዞልኝ መጣ።

ታዬ እሁድ እሁድ በአውቶቡስ ፒያሳ ወጥቶ ሲኒማ ያይና ለሰፈሩ ልጆች ፊልሙን ከነድምፁ ይተርክልን ነበር። የፊልሙን ጀግና “አክተሩ” ነበር የምንለው፤ አክተሩ ደግሞ አይሞትም፣ ቢመታ እንኳ ትከሻውን ነው። የአንዱ አክተር ሽጉጥ ታዲያ፣ ታዬ እንደሚለው፣ አፈሙዙ ክንድ የሚያህል ስድስት ጎራሽ ነበር፤ አንዴ ሲተኮስ ሰውዬውን ከነወንበሩ በመስኮት ያወጣዋል፣ ተኳሹም በሁለት እጁ ካልያዘው የገዛ ግንባሩን ይለዋል። ከዚያ በኋላ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ወገቡ ላይ የሚያንጠለጥላት ሽጉጥ የሲጋራ መለኮሻ መሰለችን፤ ደግነቱ ይህን ጮክ ብለን አላልንም።

ታዬ ያንኑ ሽጉጥ ከተሰበረ የአልጋ እግር ጠረበው። የሚሽከረከረውን የጥይት ቤት ክሩ ካለቀ የእንጨት ማጠንጠኛ ሠራና የአባባን የጫማ ቀለም ግማሹን ጨርሶ ቀባው። ሲያልቅ ከእውነተኛው የበለጠ እውነተኛ ሆነ፤ መዘዙም ይኸው ነበር።

አንድ ቀን አሰሳ መጣ። ያን ጊዜ መሣሪያ የተገኘበት ቤት አባወራ ከተወሰደ መመለሱ እንጃ ነበር። ከሌላ ቀበሌ የመጣ የማናውቀው አንድ ጓድ፣ አብዮት ጥበቃዎቹን አስከትሎ ገባ፤ ከመካከላቸው የምናውቀው ቶላን ብቻ ነበር፤ እናቱ ከመካኒሳ ወተት የሚያመላልሱልን፣ እሱም ሲኒማ ቤት በር ላይ ከታዬ ጋር የሚጋፋ ጎረምሳ። ፍራሹ ሲገለበጥ ሽጉጡ ወጣ። ታዬ ወፍጮ ቤት ተልኮ ነበር፤ የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ የገባው አባባ ገና ከእንቅልፉ መባነኑ ነበር፤ ጓዱ የማን እንደሆነ ሲጠይቅ እኔ፣ የስድስት ዓመቷ አዋቂ፣ ቀደም ብዬ “የአክተሩ ነው” አልኩት።

የጓዱ ዓይን በራ። በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ የድብቅ ስም ያለው ይመስል ነበርና፣ ይህ አክተሩ የሚባለው ሰው የት እንደሚያድር፣ ከእነማን ጋር እንደሚገናኝ አባባን ያፋጥጠው ጀመር። ሽጉጡንም ማስረጃ ነው ብሎ ማንም እንዳይነካው ከለከለ። አባባ ኮቱን ለመልበስ ሲነሳ እጁ እጅጌውን ማግኘት አቃተው፤ ያንን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ይሄኔ ቶላ ትእዛዙን ትቶ ሽጉጡን ከአልጋው ላይ አነሳ፣ ልክ እንደ ፊልሙ በሁለት እጁ ይዞ አንድ ዓይኑን ጨፈነና አምፖሉ ላይ አነጣጠረ። ከዚያ በጥቁር ቀለም የጨቀየ መዳፉን ዘረጋ።

“ጓድ፣ አክተሩን እኔም አውቀዋለሁ፤ ሲኒማ ቤት ነው የሚኖረው።”

ጓዱ ሽጉጡን ተቀበለ፣ ቀለለው፣ አሸተተው፤ ከዚያ ላቡን ሲጠርግ አፍንጫውን ከነጢሙ አጠቆረና እየተነጫነጨ ወጣ። ቶላ ወደ ኋላ ቀርቶ ሽጉጡን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

“አክተሩ ሲመጣ ስጪው” አለኝ።

ታዬ ከወፍጮ ቤት ተመልሶ ሽጉጡን ሲጠይቀኝ እምቢ አልኩት። ለእኔ አክተሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቶላ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ወደ ሰሜን ሲዘምት እንኳ፣ አክተር አይሞትም ብዬ ያለ ስጋት ጠበቅሁት። እናቱ ጥቁር ለብሰው ወተቱን ይዘው የመጡ ዕለትም ነገሩ አልገባኝም፤ ትከሻውን ነው የመሰለኝ።

አባባ ፀጉሩ ነጭ ሆኖ፣ የልጅ ልጆቹን አቅፎ፣ በገዛ አልጋው ላይ አረፈ። ያን ሁሉ ዕድሜ የሰጠን ቶላ ነው፤ አመስግኜው አልጠግብም፣ ምስጋናዬን የምነግረው ግን የለም። ቤታችን ፈርሶ ቦታው ፎቅ ሆኗል፤ ልጆቼ የሚያዩት ፊልም ሽጉጡ ከታዬም ይብሳል፣ አክተሩን ግን አክተር ብሎ የሚጠራው የለም።

ልጄ ጫማውን ሲጨርስ የተረፈውን ቀለም ተቀበልኩትና ሽጉጡን ከቁም ሳጥን አውጥቼ ቀባሁት፤ ባለቤቱ እስኪመጣ እንዳይደበዝዝ።