ጀርባውን የሰጠው ሰውዬ

ባለፈው ሳምንት ትንሹ ልጄ ከጓደኛው የተዋሰውን የጌም ሲዲ ይዞ መጣ። ሽፋኑን ተቀብዬ አየሁት። አንድ ሰውዬ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፤ ጠመንጃው በቀኝ እጁ ተንጠልጥሏል፤ ከፊቱ እሳት ይነዳል። ከላይ፣ ጭሱ ውስጥ፣ አንድ ትልቅ ፊት ቁልቁል ያያል። «እማ፣ ሁሉም ጌም እኮ እንደዚህ ነው» አለኝ ልጄ። እኔን ግን የሱዳን ሳሙና ሸተተኝ።

በድርቁ ጊዜ ከወሎ አምጥተው አሶሳ ሲያሰፍሩን የወተት ጥርሴን ነቅዬ አልጨረስኩም ነበር። አምባችን ውስጥ ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ግድግዳው ሽመል፣ ጣሪያው ሣር፣ በገመድ እንደተለካ በመስመር የተደረደረ። ነፋሱ በሽመሉ መሃል እያፏጨ ይገባል። ጸጥ ሲል ደግሞ ምስጡ ግድግዳውን ሲቆረጥም ይሰማል።

ከሱዳን ድንበር፣ ከኩርሙክ በኩል ሳሙናና ሻይ ቅጠል በአህያ የሚያመጣ አንድ የበርታ ነጋዴ ነበር። ረጅም ነው፤ የነጭ ጀላቢያው ጫፍ ሁልጊዜ በአቧራ የቀላ። በገበያ ቀን ከአባቴ ጋር ጎን ለጎን ስለሚሰግዱ ወዳጅ ሆነው ነበር። ሳሙናውን የሚጠቀልለው በአሮጌ የሲኒማ ማስታወቂያ ነው፤ ሱዳን ውስጥ ሲኒማ ቤት የሚሠራ ወንድሙ ነበር የሚሰጠው። እናቴ ወረቀቱን እየለመነች ወሰደችና በእርዳታ ዱቄት ሙጫ ግድግዳችን ላይ ለጠፈችው። ነፋሱ ቆመ። የእኔ ፍርሃት ግን ያኔ ጀመረ።

ሥዕሎቹ ሁሉ ይመሳሰሉ ነበር። ከላይ ሰማዩን የሞላ ፊት፣ ከሥሩ ጠመንጃ የያዘ ሰው፣ ትከሻው ላይ የተለጠፈች፣ አፏን የከፈተች ሴት፤ ከታች ደግሞ እንደ ጉንዳን ያነሱ የሚሮጡ ሰዎች። ከሁሉ የምፈራው ከመደቤ አጠገብ የተለጠፈውን፣ ጀርባውን የሰጠውን ነበር። ፊቱን አይቼው አላውቅማ። እንቅልፍ ሲወስደኝ ይዞርብኛል እያልኩ ብርድ ልብሱን እስከ ዓይኔ ድረስ እስብ ነበር።

«ወረቀት ምን ያደርግሻል? አብሽሪ» ትለኛለች እናቴ።

ያን ጊዜ ሰው ይጠፋ ነበር። ማታ ሰላም ያላችሁት ጎረቤት ጠዋት ጎጆው ባዶ ይገኛል። ድንበር ተሻግሮ ዞሮ ወደ አገሩ ሊገባ ነው ይባላል። አንዳንዱ ተይዞ ይመለሳል፤ የአንዳንዱ ወሬውም አይሰማ። ስለዚህ የአምባችን ካድሬ በየቤቱ እየዞረ ይፈትሽ ነበር። አሁን ሳስበው፣ እሱም ገና ጢሙን በቅጡ ያላበቀለ ወጣት ነበር።

አንድ ረፋድ ላይ እኛ ቤት ጎንበስ ብሎ ገባ። ቀና ሲል ዓይኑ ጀርባውን የሰጠው ሰውዬ ላይ አረፈ።

«ይህ ማነው?»

«ሥዕል ነው፣ ጓድ» አለ አባቴ።

«የወንበዴ ሥዕል! ጽሑፉም ዓረብኛ ነው። ፊቱን ለምን ደበቀ? ድንበር የሚያሻግርህ እሱ ነው?»

ሁለት ጥበቃዎች የአባቴን ክንድ ይዘው አወጡት። አንደኛው ሥዕሉን ከግድግዳው ሲገነጥለው የደረቀው ሙጫ ተንኮሻኮሸ። እናቴ አላለቀሰችም። እጄን ይዛ ተከተለቻቸው።

አባቴን የስብሰባ አዳራሹ በር ላይ፣ ፀሐይ ላይ፣ መሬት አስቀመጡት። ሰው በሩቁ ቆሞ ያያል፤ የሚጠጋ የለም። የገበያ ቀን ነበርና ነጋዴው አህያውን እየነዳ ደረሰ። አንዲት ጎረቤታችን ጠጋ ብላ የሆነውን በሹክሹክታ ነገረችውና «ተመለስ» አለችው። አልተመለሰም። አህያውን ማንጎ ዛፍ ላይ አሰረና ጥቅሉን ተሸክሞ በቀጥታ ወደ ካድሬው መጣ።

«ሰላም አለይኩም፣ ጓድ። ወረቀት የኔ ነው። ይሄ ሰውዬ ጥፋት የለም።»

«ወንበዴውን የምታመጣው አንተ ነህ?»

«ወንበዴ የለም። ሲኒማ ነው።» ጥቅሉን ፈትቶ ወረቀቶቹን መሬት ላይ ዘረጋቸው። «እይ ጓድ። ይሄ ጀርባ ሰጠ፣ ይሄም ጀርባ ሰጠ። ይሄ እሳት፣ ይሄም እሳት። ይሄ ሴት ፈራ፣ ይሄም ሴት ፈራ። ሲኒማ ሁሉ አንድ ነው። ትልቅ ፊት ላይ፣ ትንሽ ሰው ታች።»

ካድሬው ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው ያይ ጀመር። እኔ ቀና አልኩ። ከራሱ በላይ፣ አዳራሹ በር ላይ፣ የአብዮቱ ትልቅ ሥዕል ነበር። ሦስት ጢማም ፊቶች ሰማዩን ሞልተውታል፤ ከኋላቸው እንደ እሳት የቀላ ጮራ፤ ከሥራቸው ጠመንጃ ያነሳ ሰው፤ ከታች ጥቃቅን ሕዝብ። ጣቴን አነሳሁ።

«ያም እኮ...»

የእናቴ እጅ አፌን ደፈነው። ከንፈሬ ከጥርሴ ጋር ተጋጨ፤ የሳሙናው ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ነጋዴው ጣቴ ወዳመለከተበት አየና ወዲያው ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። አባቴም አይቷል። ቆሞ የነበረው ሰው ሁሉ ያየ ይመስለኛል።

«ልጅቷ ምን አለች?» አለ ካድሬው።

«ውሃ ጠማኝ ነው የምትለው፣ ጓድ» አለች እናቴ።

ረጅም ጊዜ አየኝ። ምን ልበላችሁ፣ ያ አስተያየት እስከ ዛሬ ጀርባዬ ላይ ይሄዳል። በመጨረሻ ወረቀቶቹን በጫማው ገፋ አደረጋቸው። «አቃጥሉት። አንተ ተነስና ወደ ቤትህ ግባ፤ የውጭ ወረቀት ሁለተኛ እንዳላይብህ።» ወደ ነጋዴው ዞረ፦ «አንተም እዚህ አምባ ሁለተኛ እንዳትደርስ!»

«ማፊ ሙሽኪላ» አለ ነጋዴው ፈገግ ብሎ፤ ችግር የለም ማለቱ ነው። ሳሙናውን በጀላቢያው ጫፍ ሰብስቦ አህያውን ፈትቶ ሄደ።

ቤት እንደገባን እናቴ ትኩስ ቅቅል በቆሎ እጄ ላይ አድርጋ «ሩጪ፣ ድረሺበት» አለችኝ። ከመንገዱ መታጠፊያ አለፍ ብሎ አህያውን አስሮ ዛፍ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ጉልበቱን በሁለት እጁ ጭምቅ አድርጎ ይዞታል። በቆሎውን ስሰጠው ከእጁ አመለጠ።

«አንተ ፈራህ?» አለኝ። ሁልጊዜም «አንተ» ነበር የሚለኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ።

«እኔም» አለ።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። በቆሎውን አንስቶ አቧራውን እፍ አለው፤ ለሁለት ሰብሮ ትልቁን ለእኔ ሰጠኝ። ፍሬውን እየፈለፈልን በላን። ከዚያ «ሂድ ቤት፣ እማማ ይፈራል» አለኝና አህያውን ፈታ።

ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። ሥርዓቱ ወድቆ ብዙው ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ እኛ እዚሁ ቀረን። ከኩርሙክ የሚመጣ ሾፌርም ነጋዴም ሳገኝ ስለ እሱ እጠይቃለሁ።

«ስሙ ማነው?» ይሉኛል።

«የሳሙናው ሰውዬ» እላለሁ። ሌላ የምናውቀው ስም አልነበረም።