ዓሣው ባሕር ሊያይ ነው

ሰፈሩ ባሌን ዓሣው ይለዋል። ሥራው ከከተማው ወደ ላይ ባለው ግድብ ውስጥ መጥለቅ ነው። ውሃው ወደ ከተማ ከሚገባበት አፍ ላይ ትልቅ የብረት ወንፊት አለ፤ ቅጠሉም፣ ላስቲኩም፣ የሞተ ውሻውም እሱ ላይ ይለጠፋል። እናንተ «ውሃው ቀጠነ» ብላችሁ ቧንቧችሁን ስትረግሙ ባሌ የአየር ሲሊንደር አዝሎ፣ ወገቡን በገመድ ታስሮ ይወርድና ከወንፊቱ ላይ ቆሻሻውን ይለቅማል። ሃያ ዓመት እንዲህ ኖረ። ከሥራ ሲመለስ ጆሮውን ሳጸዳለት የሚወጣውን ጭቃ አይቼ ስንቴ አልቅሻለሁ፤ እሱ ግን ይስቃል። የኔ ሰውዬ ለመናደድ አልተፈጠረም። የሱንም የኔንም ድርሻ የምናደደው እኔ ነኝ።

እኔ ደግሞ ሶፋ አለብሳለሁ። ከቤታችን ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የሰው አሮጌ ሶፋ እየገፈፍኩ አዲስ ጨርቅ እመታበታለሁ። ሥራ ላይ ምስማሩ አፌ ውስጥ ስለሚውል ቶሎ አልናገርም። ምስማሩን የተፋሁት ቀን ግን ከፊቴ ዞር ማለት ይሻላል።

የጉዞው ነገር የተጀመረው ጥርስ ሐኪም ቤት ነው። ባሌ ጉንጩ አብጦ ወረፋ እንጠብቃለን፤ ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ባሕር ያሳያል። አንድ ጠላቂ ቁልቁል ይወርዳል፤ ውሃው እንደ መስኮት መስታወት የጠራ ነው፤ ዓሣዎቹ በየቀለማቸው ሰውየውን ከምንም ሳይቆጥሩት ያልፋሉ። የባሌ ስም ቢጠራ አልሰማም። ሁለተኛ ተጠራ። «አየሽ አይደል?» አለኝ ባበጠ ጉንጩ እየተኮላተፈ፤ «ፀሐይ እኮ እዚያ ድረስ ትገባለች!» ወረፋችን አለፈን፤ ጥርሱም ሳይነቀል ወደ ቤት ተመለስን።

ከተጋባን ጀምሮ ይህ ሰው ለራሱ ምንም ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። አሁን ግን ጠየቀ። እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ ጊዜ ገብቶ መውጣት፤ ጉልበቱ ሳይከዳው፣ ጆሮው ጨርሶ ሳይደፈን። ልጆቻችን አድገው ወጥተዋል፤ ምን ይከለክለናል? እሺ አልኩት። እኔ ውሃ ስለምፈራ ቤት እቀራለሁ፣ እሱ ይሄዳል ብለን ተስማማን።

መጀመሪያ አንድ የጉዞ ወኪል ቤት ገባን። ልጅቷ ከባሕር መሀል እንደ ቀለበት ክብ ሠርተው የተቀመጡ ትንንሽ ደሴቶች በሥዕል አሳየችን። ቀጥላ ውሃው ላይ በእንጨት እግር የቆሙ ቤቶችን አሳየችንና «ለጫጉላ ነው?» አለችን፤ ቀና ብላ ደግሞ ፊታችንን አየች። የአንድ አዳሩን ዋጋ ስትነግረን ስንት ሶፋ እንደሆነ በልቤ አሰብኩና ቦርሳዬን አነሳሁ። መኝታ ነው እንጂ ደሴቱን አልገዛነው! ድሃ ሰው ባሕር እንዳያይ ማን ነው አጥር ያጠረው?

ስለዚህ ራሳችን ያዝነው። ባሌ ስልኩ ላይ ተተክሎ፣ እኔ ጨርቅ እየቆረጥኩ፣ ቀስ በቀስ ሁሉንም ደረስንበት። ለካ እዚያም እንደኛ ያለ ሰው ይኖራል፤ ደሴተኞቹ ከቤታቸው ክፍል ያከራያሉ። ውሃ ላይ በሚያርፈው አውሮፕላን ፈንታ ነዋሪው አትክልቱንና ሲሚንቶውን ጭኖ የሚሳፈርበት ጀልባ አለ። ዝናብ የሚበዛበት ወር ዋጋው በግማሽ ይወርዳል፤ ባሌ እንደሆነ ዝናብ አይፈራ፣ የሚሄደው ለመርጠስ ነው። እግር ላይ የሚጠለቀውን የመዋኛ ክንፍና የውሃ መነጽሩን ከዚሁ ይዞ ከሄደ ለኪራይ አይከፍልም፤ መያዣ ቦርሳውን ከተረፈኝ የሶፋ ቆዳ ሰፋሁለት። ታላቅ ወንድሙ መጥቶ ቦርሳውን ሲያይ ሳቁ ሊገድለው ደረሰ።

«ዕድሜ ልክህን እየተከፈለህ ስትጠልቅ ኖረህ፣ አሁን ከፍለህ ልትጠልቅ ነው?»

«ወንድም ጋሼ» አልኩት፤ «ዕድሜ ልኩን ስንት እንደተከፈለው ቢያውቁ ኖሮ አይስቁም ነበር።»

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። የደሴቱ ጠላቂዎች ማኅበር የመጥለቅ ፈቃድ አለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ከሌለህ አሠሪህ ጠላቂ መሆንህን ይጻፍልህ፣ እኛ ፈትነን እንቀበልሃለን፤ እሱም ከሌለ ከጀማሪ ጋር ገብተህ ተማር አሉት። ትክክል ናቸው፤ የሰው ነፍስ ነው። የጀማሪው ትምህርት ግን ጀልባውንና መኝታውን አንድ ላይ የሚያህል ወጪ ነው። ባሌ ደብዳቤውን ሊያመጣ መሥሪያ ቤት ሄደና ባዶ እጁን ተመለሰ። «አይሆንም አሉኝ» ብሎ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። እኔ ምስማሬን ተፋሁ።

በማግሥቱ ራሴ ሄድኩ። የክፍል ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ የታሸገ ውሃ ተደርድሯል፤ ባሌ የሚያጠራውን ውሃ እንኳ አይጠጣውም።

«ይቀመጡ እናቴ» አለኝ። በዕድሜ ይበልጠኛል።

«ባሌ ጠላቂ ነው ብለው እንዲጽፉልኝ ነው የመጣሁት። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ጠላቂ የሚባል የሥራ መደብ የለንም። እሳቸው የጽዳት ሠራተኛ ናቸው።»

«ወንፊቱን የሚያጸዳው ማነው?»

«እሳቸው ናቸው።»

«ወንፊቱስ የት ነው ያለው?»

«ውሃ ውስጥ።»

«ታዲያ እዚያ የሚደርሰው በምንድን ነው? በታክሲ?»

ፈገግ አለ። ፈገግታው ነው አናቴ ላይ የወጣው። «እናቴ፣ ጠላቂ ናቸው ብዬ ከፈረምኩ መድን አለ፣ የአደጋ አበል አለ፣ በየዓመቱ የሐኪም ምርመራ አለ። የኋላው ውዝፍ ሁሉ ይመጣብናል። ውሃ ውስጥ የሚገቡት በፈቃዳቸው ነው። ዋና ይወዳሉ።»

ዋና ይወዳሉ! ከሞተ ውሻ ጋር የሚዋኝ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? በክረምት ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ የሚገባው ዋና ስለሚወድ ነው? ሃያ ዓመት ሙሉ ባሌ መጥረጊያ ይዞ ደረቅ መሬት ላይ ነበር ማለት ነው! ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልደግመውም፤ ዘበኛው ትከሻዬን ይዞ እንዳወጣኝ ብቻ እወቁልኝ። ውጭ ስንደርስ ዘበኛው ራሱ «አበጀሽ እህቴ» አለኝ በሹክሹክታ። ለምን ውስጥ ሆኖ አላለውም?

ጀማሪው መንገድ ብቻ ቀረ። በከተማችን መዋኛ ገንዳ መጥለቅ የምታስተምር አንዲት ወጣት አሰልጣኝ አለች፤ የምትሰጠውን ወረቀት ደሴቱም ይቀበለዋል፤ ዋጋዋ ግን ከደሴቱ በጣም ይረክሳል። ለመክፈል ከጉዞው ቀን ግማሹን ቀነስን። የደሴቱ አከራይም ቀብዱን እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ካልላካችሁ ክፍሉን ለሌላ እሰጣለሁ አለን።

የመጀመሪያው ቀን ፎጣውን ይዤ የገንዳው ዳር አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ባሌ አንድም ሳይንቦጫረቅ ወረደና ወለሉ ላይ ተንበረከከ። ኮራሁ፤ ለምን እዋሻለሁ። አሰልጣኟ አንድ ቀይ የእግር ክንፍ ወረወረችና ፈልጎ እንዲያመጣ አዘዘችው። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ እኔ ከላይ ሆኜ ክንፉን አየዋለሁ። ባሌ በሆዱ ተኝቶ ወለሉን በመዳፉ መዳበስ ጀመረ። ዳበሰ፣ ዳበሰ። ክንፉ ፊት ለፊቱ ነው። አልፎት ሄደና ግድግዳውን ይዳብስ ጀመር። መጀመሪያ የሚቀልድ መሰለኝ።

አሰልጣኟ ወጥታ አጠገቤ መጣች። «እትዬ» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ «ጋሼ እኮ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚጠልቁት።»

ሲወጣ ጠየቅኩት። ያደረገውን ሳያውቅ እንደተያዘ ሰው ደነገጠ። ከዚያ ፎጣውን ተከናንቦ ነገረኝ። «ግድቡ ውስጥ ብትገልጪውም ጨለማ ነው። ገልጠሽ ምንም ሳይታይሽ ሲቀር ይበልጥ ያስፈራል። ከጨፈንኩት ግን ጨለማው የራሴ ነው። አዲስ ሳለሁ እንደዚያ ለመድኩ። አሁን ውሃው አናቴን ሲሸፍነው ዓይኖቼ ራሳቸው ይዘጋሉ።»

ደጋግመው ሞከሩ። ከላይ ሆኖ «አሁን እገልጣለሁ» ብሎ ይምላል፤ ይወርዳል፤ ይዳብሳል። ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ፣ «ቀብዱ ይቅር» አለኝ። «እዚያ ድረስ ሄጄ ከፍዬ ከምጨፍን፣ አልጋዬ ላይ በነጻ እጨፍነዋለሁ።» ሳቀ። የሱን ሳቅ አውቀዋለሁ፤ ይሄ ሳቅ አልነበረም። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ እስክንወርድ ድረስ አልመለሰውም።

በቀጣዩ ክፍለ ጊዜ «አንሄድም» ቢል እየጎተትኩ ወሰድኩት። አሰልጣኟን «እኔንም የመጥለቂያውን ዕቃ አልብሺኝ» አልኳት። እኔ ገላዬን እንኳ በጣሳ የምታጠብ ሰው ነኝ፤ ዝናብ ሲመታኝ እጮሃለሁ። ግን እሳት ለብሼ ነበር፤ እሳት ለብሼ ውሃ ውስጥ ገባሁ። ሲሊንደሩ ጀርባዬን አጎበጠው፣ መነጽሩ አፍንጫዬን ያዘኝ። ውሃው ደረቴ ላይ ሲደርስ የገንዳውን ጠርዝ ጨምድጄ ያዝኩ።

«ሁለት ሰው ሲጠልቅ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል» አለች አሰልጣኟ። «አየር ያጠረው ሰው እጁን እንዲህ ጉሮሮው ላይ ያደርጋል። ጋሼ፣ ዛሬ እትዬን የሚጠብቁት እርስዎ ነዎት። እጅ መያያዝ የለም፤ በማየት ብቻ።» ይህን ያለችው ሆን ብላ ይሁን ወይም ሁልጊዜ የምትለው ይሁን አላውቅም። እሷም ክንድ ብዘረጋ የምደርስባት ቦታ ላይ ቆመች።

ወደ ባሌ ዞርኩ። «ሰማህ? አንተ ካላየኸኝ የማሳይህ ምልክት ለማን ነው? እዚህ ብሞት ለዚያ ኃላፊ በፈቃዷ ነው የገባችው፣ ዋና ትወድ ነበር ብለህ ንገረው።»

የአየር ቧንቧውን አፌ ውስጥ ከተትኩና ተንበረከክኩ። ውሃው ጆሮዬን ደፈነው። ልቤ እንደ ስፌት መኪና ይመታል፤ የምሰማው የገዛ ትንፋሼን ብቻ ነው። ባሌ ዓይኑን ገልጦ እንደሆነ ለማየት ብሞክር ምንም አይታየኝም፤ ጨለማ ነው። ለካስ ዓይኔን ጥርቅም አድርጌ ጨፍኜዋለሁ። እኔ! እንደዚያ ስፎክር የነበርኩት! ውሃ ውስጥ ሆኜ በራሴ ተናደድኩ። ንዴቱ ነው የገለጠልኝ።

ባሌ ፊት ለፊቴ ተንበርክኮ ነበር። በመነጽሩ ውስጥ ዓይኖቹ ፍጥጥ ብለዋል፤ ደም መስለዋል፤ እጄንና ጉሮሮዬን እያፈራረቁ ያያሉ። አንድም ጊዜ አልተርገበገቡም። እንዲህ አተኩሮ ያየኝ መቼ እንደሆነ አላስታውስም። አውራ ጣቴንና ጠቋሚዬን ገጥሜ ደህና ነኝ አልኩት። እሱም ሊመልስልኝ የቀኝ እጁን አነሳ።

እጁ ፊቱ ላይ ሲደርስ ቆመ። ምልክቱን ረሳው። እጁን ገለበጠው፤ መዳፉን አየ፣ ጀርባውን አየ፣ ጣቶቹን ዘርግቶ ብርሃኑ በመሀላቸው ሲያልፍ አየ። ወንፊቱ ቆርጦት የተወውን ጠባሳ በሌላኛው ጣቱ ነካው። ሃያ ዓመት ውሃ ውስጥ የሠራ እጁን ውሃ ውስጥ ሲያየው ይህ የመጀመሪያው ነው።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የተናደድኩ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ገና አልጀመርኩም።