ስሜን የዘለለው ዝርዝር

ስደተኛ በሌሊት ነው የሚወጣው ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እኔ ከአዲስ አበባ የወጣሁት እሁድ ረፋድ ላይ ነው። ሰው ነጠላውን አጣፍቶ ከእንጦጦ ራጉኤል ሲወርድ፣ እኔ ሁለት ቀሚስና የትምህርት ማስረጃዬን በትንሽ ቦርሳ ይዤ የመገናኛ ታክሲ ተሳፈርኩ። ረዳቱ "ጠጋ ጠጋ በሉ" ሲል ተጠጋሁ። ከጎረቤት ደህና ግቢ ያለኝ የለም። መንገድ ላይ ያገኘኋት የእድራችን ጸሐፊ እንኳ እንዳላየ ሰው አለፈችኝ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ እስካሁን የሰማችሁት ከሌላ ሰው አፍ ነው።

ሕይወት እባላለሁ። እንጦጦ ሥር ባለችው ሰፈራችን የአጸደ ሕፃናት መምህርት ነበርኩ። አንድ ሰኞ ከሥራ ስመለስ በሬ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጓል። የኔ ብቻ አይደለም፣ የመንደሩ በር ሁሉ። በሦስት ቀን ልቀቁ ተባልን። ወረዳ ብንሄድ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" አሉን። በማግስቱም ስብሰባ ላይ ናቸው። አቶ ገመቹ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ ድሮ እዚያው የካ ውስጥ ገብስ ያርሱ ነበር፣ መሬታቸው ሲወሰድ ጥበቃ ሆኑ። እሳቸው "እንግዲህ ሰውዬው ስብሰባ ከወደዱ እኛም እንሰብሰብ" አሉ።

ተሰበሰብን። አቤቱታውን እኔ ጻፍኩ፣ አርባ አንድ ሰው ፈረመ። አንደኛ አቶ ገመቹ፣ ሁለተኛ ከእንጦጦ ጫካ እንጨት እየተሸከሙ ልጆቻቸውን ያሳደጉት እማማ ወርቅነሽ፣ ሦስተኛ እኔ። እማማ ወርቅነሽ መጻፍ ስለማይችሉ ጣታቸውን ቀለም አስነካኋቸው።

"ሕይወቴ፣ ይኼ ነገር ያሳስራል?" አሉኝ።

"ሊያሳስር ይችላል፣ እማማ።"

"እንግዲያው በደንብ ይታይ" ብለው ደግመው አተሙ።

ሐሙስ ጠዋት ዶዘሩ መጣ። መንገዱ ላይ ተቀመጥን። ድንጋይ አልያዝን፣ ዱላ አልያዝን፤ ዝም ብለን አፈሩ ላይ ተቀመጥን። አንድ ወጣት ፖሊስ "ተነሱ" እያለ ሲጮህ አቶ ገመቹ መጀመሪያ በኦሮምኛ አናገሩት፣ ከዚያ ሁላችንም እንድንሰማ በአማርኛ ደገሙት። "ልጄ፣ እኔ አንዴ ከመሬቴ ተነስቻለሁ። ሁለተኛ የምነሳበት ጉልበት የለኝም።" ፖሊሱ አንገቱን ደፋ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ዶዘሩ ወደ መጣበት ተመለሰ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በዚያው ቀን ከሰዓት ወንድሜ ደረጀ መጣ። እናት አባታችን ከሞቱ በኋላ ያሳደገኝ፣ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ጋሼ ነው የምለው። የወረዳ ሠራተኛ ነው።

"ኮርቼብሻለሁ" አለኝ። "ግን አለቆቼ ከኋላችሁ ፖለቲከኛ አለ እያሉ ነው። የፈረሙትን ካሳየኋቸው ተራ ነዋሪ መሆናችሁን ያምናሉ።"

"ሌላ ሰው እጅ ቢገባስ፣ ጋሼ?"

"እኔን ነው የምትጠረጥሪው?"

አፈርኩ። ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ላክሁለት።

ቅዳሜ ጠዋት ፖሊሶች መጡ። የያዙትን ወረቀት እያዩ አቶ ገመቹን ወሰዱ። እማማ ወርቅነሽን ወሰዱ። እኔ ሹራቤን ለብሼ በሬ ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው፤ አለፉኝና አራተኛው ፈራሚ ቤት ገቡ። መንደሩ በየበሩ ቆሞ ያያል። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ አራተኛ እያሉ በልባቸው ሲቆጥሩ አየኋቸው። እስከ ምሳ ሰዓት አሥራ አንድ ሰው ተወሰደ። ሰኞ ዶዘሩ ሲመለስ መንገድ ላይ የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ "ከፈረሙት ሦስተኛዋ እኔ ነኝ፣ እኔንም እሰሩኝ" አልኩ። መርማሪው በኮምፒውተር የተጻፈ ዝርዝር አገላበጠ።

"ስምሽ የለም።"

"የጻፍኩት እኔ ነኝ እኮ።"

"እህቴ፣ ለመታሰርም መዝገብ ላይ መኖር ያስፈልጋል። ነገ ደግሞ ሰው ያለ አግባብ ታሰረ ትሉናላችሁ።"

በመጠየቂያው ሽቦ ማዶ እማማ ወርቅነሽ አዩኝና ጀርባቸውን ሰጡኝ። ከዚያ በቀጥታ ወንድሜ ዘንድ ሄድኩ።

"ስምሽን ያስወጣሁት እኔ ነኝ" አለኝ፤ ምስጋና የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

"የሌሎቹንስ?"

"ሌሎቹ እህቶቼ አይደሉም።"

በማግስቱ ፍርስራሹ ፊት ቆሜ በስልኬ ቪዲዮ ቀረጽኩ። ዝርዝሩ ከእጄ እንዴት እንደወጣ፣ ለማን እንደሰጠሁት፣ ሁሉንም ተናገርኩ። የወንድሜንም ስም ጠራሁ። በሁለት ቀን ውስጥ ያላየው ሰው አልነበረም። ያኔ ወንድሜ ደወለ። "አሁን ስምሽ ገብቷል። ውጪ" ብሎ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም።

በሞያሌ አድርጌ፣ ናይሮቢን አልፌ ካምፓላ ገባሁ። እንጦጦ ሥር ላደገ ሰው የዚህ አገር ሙቀት ልብስ አጥቦ ሳይጨምቁ እንደመልበስ ነው። ማቶኬ የሚሉት የተቀቀለ ሙዝ አላቸው፤ ዓይኔን ጨፍኜ ድንች ነው እያልኩ እበላዋለሁ። ሰዎቹ ግን ደጎች ናቸው፤ ሴቶቹ ታላቃቸውን ተንበርክከው ነው ሰላም የሚሉት። አከራዬ ማዳም ሮዝ ለምን እንደመጣሁ ጠየቀችኝ።

"መንግሥት ቤቴን አፈረሰው።"

"ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ?"

"የሦስት ቀን ሰጥቶናል።"

"እኔ አከራይ ሆኜ እንኳ የአንድ ወር እሰጣለሁ" አለች፣ ከልቧ ተገርማ።

የስደተኞች ጽሕፈት ቤት ባለሥልጣን ደግሞ ፋይሌን እያየ "ታስረሻል?" አለኝ። አልታሰርኩም። "ተደብድበሻል?" አልተደበደብኩም። "ባንቺ ታሪክ ውስጥ የሚታሰረው ሌላ ሰው ነው። መምጣት የነበረባቸው እነሱ ናቸው።" "እውነትዎን ነው" አልኩት። አስተርጓሚው "እንደዚህ አይባልም" ብሎ በአማርኛ ተቆጣኝ። ቀጠሮ ሰጡኝ፤ እስካሁንም ቀጠሮ ላይ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት አቶ ገመቹ መፈታታቸውን ሰምቼ ደወልኩ። የካ አባዶ ልጃቸው ጋ ተጠግተዋል። አላኮረፉኝም። "ቪዲዮሽን አይቻለሁ፣ አምኜሻለሁ" አሉኝ። እማማ ወርቅነሽም ተፈትተዋል፤ ግን ስሜ ሲነሳ ተነስተው ይወጣሉ አሉ። ከዚያ አቶ ገመቹ፦

"ወንድምሽ ታስሯል" አሉኝ።

"መቼ?"

"ወር ሊሞላው ነው። የእህትህን ስም ደብቀሃል ብለው ነው። ሚስቱ ፈርታ አትጠይቀውም፣ የሥራ ባልደረቦቹም ሸሽተውታል። ስንቅ የሚያደርስለት የለም። እኔ ረቡዕ ልሄድለት አስቤ ነበር። አንቺ ምን ትያለሽ፣ ልጄ?"

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ። በዚያ በኩል የልጅ ልጆቻቸው ሲጫወቱ ይሰማኛል።

"ሕይወት? መስመሩ ተቋረጠ እንዴ?"

"አልተቋረጠም፣ አባባ" አልኩ። "ጋሼ አልጫ ነው የሚወደው፤ ረቡዕ ሲሄዱ አልጫ ይውሰዱለት።"