አሥራ አራት ቁጥር በልታለች

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ባዶ ምሳ ዕቃ ግን ታነብ ነበር። የተማረችው እስር ቤት በር ላይ ነው። ታላቅ ወንድሜ በቀይ ሽብሩ ዓመት ሲታሰር እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እሷ በየቀኑ ስንቅ ይዛ ከልደታ በእግሯ ትሄዳለች፤ ከሰዓት በኋላ ዕቃውን ይዛ ትመለሳለች። ዕቃው ባዶ ከሆነ ልጇ ደህና ነው። ግማሹ ከተመለሰ ወይ ታሟል ወይ ተገርፏል። አንድ ቀን ዕቃው እንደሞላ ተመለሰና ከእንግዲህ አታምጪ ተባለች። ከዚያ ሌላ የነገራት ሰው የለም፤ የት እንደተቀበረም እስከ ዛሬ አናውቅም።

ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የሆነውን ሳወራ እናቴ ሞኝ እንዳትመስል ነው። ሞኝ አልነበረችም። ሞኟ እኔ ነበርኩ፤ ለዚያውም የተማርኩ ሞኝ።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ማጅራት ገትር ከተማው ገባ። ጠዋት ራሴን አመመኝ ያለ ሰው ማታ አንገቱን ማዞር ያቅተዋል፤ በማግስቱ ሰው አይለይም። በጋው ደረቅና አቧራማ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ አፍንጫውን በነጠላ ሸፍኖ ይሄዳል፤ ነጭ ሽንኩርት አፍንጫው ውስጥ የሚወትፍም አልጠፋም። ልደታ ማርያም የሚያስቀድሱት ሰዎች ቅጥሩን ይዘው ተራርቀው ይቆማሉ። የቅርብ ወዳጅ እንኳን ከሩቅ እጁን አንስቶ መንገድ ይሻገር ነበር።

ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። እኔ ያኔ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ፤ ጽሕፈቴ ስለሚነበብ በቀበሌው ቃለ ጉባኤ ያዥ አድርገውኛል። መሰብሰብ ይከልከል ለማለት ሁላችንም በአንድ አዳራሽ ታጭቀን መሰብሰባችን ያኔ አላሳቀኝም። ሊቀመንበሩ ከሰፈራችን ሆስፒታል የመጣ ደብዳቤ አነበበ። አስታማሚ አይግባ፣ ጠያቂ አይምጣ፣ ምግብ በር ላይ ይሰጥ፣ የለቅሶ ድንኳን አይተከል፣ በሩንም የቀበሌው ጥበቃዎች ይጠብቁ ይላል። ነዋሪው ይወያይበት ተባለ። በዚያ ዘመን ውይይት ማለት ማጨብጨብ ነበር። ያን ቀን ግን ጉዳዩ ፖለቲካ ስላልሆነ ነው መሰለኝ፣ ሰው አፉን ከፍቶ ተከራከረ።

መጀመሪያ የተነሡት የዕድራችን ዳኛ ነበሩ፤ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሱቅ የነበራቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ። ድንኳኑ ይቅር፣ እሺ አሉ። ሙት ተቀይሞን አያውቅም አሉ። አስታማሚ ይቅር በሚለው ግን አልተስማሙም።

“በሽተኛ አጠገብ ስሙን የሚያውቅ ሰው መኖር አለበት” አሉ። “ሐኪሙ በሽታውን ነው የሚያውቀው።”

ቀጥላ የተነሣችው እዚያው ሆስፒታል የምትሠራ የሰፈራችን ነርስ ነበረች። ዓይኗ ቀልቷል። አንድ አልጋ ላይ ሁለት ሰው ራስና ግርጌ ሆኖ እንደሚተኛ፣ በአልጋው ሥር ደግሞ አስታማሚ እንደሚተኛ፣ መርፌ ይዛ ሰው እየተራመደች እንደምታልፍ ነገረችን። በዚያው ሳምንት አንዲት እናት ልጇን ልታስታምም በደህና ገብታ አልጋው ሥር ሞታ ተገኝታለች፤ ልጁ ድኖ ወጣ።

እዚህ ላይ እኔ እጄን አወጣሁ። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው መናገር አይጠበቅበትም፤ ግን አፌን በልቶኝ ነበር። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ብዬ ጀመርኩ። ፍቅር በሽታን አያቆምም፣ ኋላ ቀር ልማድ ነው የሚፈጀን፣ አንድ አስታማሚ ማለት ነገ አንድ በሽተኛ ማለት ነው አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ሞቅ አለኝ። የደገፈ እጁን ያውጣ ሲባል ከኋላ ወንበር እናቴን አየኋት። ሽማግሌው ሲናገሩ ራሷን በአዎንታ ስትነቀንቅ ነበር፤ እጇን ያወጣችው የተናገርኩት እኔ ስለሆንኩ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ታናሽ እህቴ ከትምህርት ቤት ራሷን ይዛ መጣች። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ ሳቂታ፣ ነገረኛ፣ የእኔን ጫማ ሳታስፈቅድ የምታደርግ። ወደ ማታ አንገቷ ደረቀ። በታክሲ ወስደናት በሩ ላይ ተቀበሉን፤ ዘበኛው አንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ አሥራ አራት ብሎ የአልጋ ቁጥሯን ጽፎ ሰጠን። እናቴ አብሬያት ልግባ ብላ ለመነች። እኔ ክንዷን ይዤ ደንብ ነው አልኳት። ዘበኛውን መለመን ትታ እኔን አየችኝ።

ከማግስቱ ጀምሮ በር ላይ ቆምን። የሚያስፈራ ሰልፍ ነበር። ምሳ ዕቃው፣ ሳህኑ፣ ፔርሙሱ ቁጥር እየተለጠፈበት መሬት ላይ ይደረደራል፤ ሰው ስም አይጠራም፣ አያወራም፣ ቁጥሩን ብቻ ይናገራል። አንድ ተላላኪ በትልቅ ሳፋ ሰብስቦ ይወስደዋል። ከሰዓት በኋላ ዕቃው በረኪና በረኪና እየሸተተ ይመለሳል፤ ተላላኪውም በየቁጥሩ የሆነውን ይናገራል።

በመጀመሪያው ቀን ምግቡ እንዳለ ተመለሰ ማለት ይቻላል፤ ሁለት ጉርሻ ቢቀነስለት ነው። በሁለተኛው ቀንም እንደዚያው። እናቴ ክዳኑን ከፍታ ዘጋችው። በሦስተኛው ቀን ተላላኪው “አሥራ አራት ቁጥር በልታለች” አለ። ዕቃው ጥርግ ብሏል። እናቴ እዚያው መንገድ ላይ እልል አለች። ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አያት። እልልታ ከሰማን ስንት ጊዜያችን ነበር፤ አንዲት ሴትዮማ የሰው ለቅሶ መስሏት ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

እኔ ግን ቤት ገብቼ ዕቃውን ሳጥብ አንድ ነገር ልቤን ከነከነኝ። እህቴ ድንች አትበላም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከወጥ ውስጥ እየለቀመች ዳር ታወጣው ነበር፤ በዚህ የተነሣ ስንት ጊዜ ተቆጥተናታል። ያን ቀን አልጫው ውስጥ ድንች ነበረበት፤ አንድም አልተመለሰም። ለእናቴ ነገርኳት። ሰው ሲርበው ምን የማይበላው አለ አለችኝ፤ እየሳቀች። ወንድሜ ከታሰረ ጀምሮ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት ስለማላውቅ አፌን ዘጋሁ።

በአምስተኛው ቀን ሰልፉ ላይ ሳለን ፎቅ ላይ ባለው የሴቶች ክፍል መስኮት ላይ አንዲት ነጭ የለበሰች ቆመች። ፀሐዩ መስተዋቱ ላይ ስለነበር ፊቷ አይታይም። እጇን አነሣችና አወዛወዘች። እናቴ “ያቻት!” ብላ እጇን አነሣች። ዘወር ስል ከጎኗ ያለችውም ሴት አንሥታለች፤ ከኋላዋ ያለችውም፤ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ያወዛውዛሉ። ሰልፉ በሙሉ ያለ ድምፅ እጁን ወደ መስኮቱ ያወዛውዝ ነበር፤ እያንዳንዱም በልቡ የኔ ናት እያለ። እኔ ብቻ እጄን አላነሣሁም፤ እናቴም ለምን እጅሽን አታነሺላትም ብላ ተቆጣችኝ።

እንደዚያ እያለ ዕቃው በየቀኑ ባዶ ይመለሳል። እናቴ በላይ በላዩ ትጨምራለች፤ እሱም ጥርግ ብሎ ይመለሳል። በዘጠነኛው ቀን አልቻልኩም። ቀበሌ ሄጄ በቃለ ጉባኤ ያዥነቴ ማህተም ያለበት ወረቀት ለራሴ ጻፍኩና ወደ በሩ ሄድኩ። የቆመው የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ስብሰባው ላይ ነበር። ማንም አይግባ ያልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ አለኝ። አዎ አልኩት። ወረቀቱን ሳያነብ አሳለፈኝ።

ውስጡን አልረሳውም። ኮሪደሩ ላይ ሰው በሰሌን ተኝቷል፣ በየክፍሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ተኝቷል፤ ድምፅ ግን የለም። የማውቀው ሆስፒታል ጫጫታ ነበር፤ ለካ የሚንጫጫው አስታማሚው ነው። በሽተኛ ብቻውን ሲሆን ዝም ይላል። የእግሬ ኮቴ እያሳፈረኝ ቁጥር እያነበብኩ ሄድኩ።

አሥራ አራት ቁጥር ላይ አንዲት ፀጉሯን የተላጨች ልጅ ተቀምጣ ትበላለች። ጭኗ ላይ ያለው የእኛ ምሳ ዕቃ ነው። በግርጌዋ አንዲት ሴትዮ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች፤ እህቴ አይደለችም። ልጅቷን እህቴ የት ናት አልኳት። ቀና ብላ አፌን አፌን አየችኝ። ደግሜ ጠየቅኋት፤ ሦስተኛውን ጮህኩ። ጉርሻዋን እንደያዘች አፌን ታያለች።

“አትሰማሽም” አለኝ ከኋላዬ ድምፅ። “በሽታው ጆሮዋን ወስዶታል።”

ያቺው የሰፈራችን ነርስ ናት፤ ወደ ሴቶቹ ክፍል የተዛወረችው በዋዜማው ነበር። መዝገቡን ከፍታ ስታነብ ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። እህቴ በገባች በሦስተኛው ሌሊት ሞታለች። ወረቀት ወደ ቀበሌ ይላካል ተብሎ ነበር፤ አልተላከም። ሬሳውን የሚጠይቅ ስላልመጣ ማዘጋጃ ቤቱ ከሌሎቹ ጋር ወስዶ ቀብሮታል። የሚጠይቅ ስላልመጣ! እኛ በየቀኑ በሩ ላይ ነበርን። ልጮህባት አፌን ከፈትኩ፤ መርፌዋን እንደያዘች ግድግዳውን ተደግፋ አየኋትና ተውኩት። ለዚያ ሁሉ ክፍል ያሉት ሁለት ነርሶች ነበሩ።

ልጅቷ ከገጠር የመጣች ናት። ያመጣት አጎቷ አስታማሚ አይገባም ሲባል በሩ ላይ ትቷት ተመልሷል። ምግብ የሚያመጣላት ሰው የለም። ምሳ ዕቃው አሥራ አራት ቁጥር ይላል፤ እሷም አሥራ አራት ቁጥር ላይ ናት። ማንም አላታለለም።

ለእናቴ ግቢያችን ውስጥ፣ ቧንቧው አጠገብ ነገርኳት። መቼ ነው አለችኝ። በገባች በሦስተኛው ሌሊት አልኳት። በጣቶቿ ቆጠረች።

“እልል ያልኩ ቀን” አለች።

ለቅሶው ያለ ድንኳን ሆነ። ሰው ሁለት ሁለት እየሆነ በር ላይ ቆሞ አጽናንቶን ይሄዳል። የዕድሩ ዳኛ ብቻቸውን መጥተው ከደጃፋችን ድንጋይ ላይ ግማሽ ቀን ተቀመጡ፤ ስለ ስብሰባው አላነሡም። እናቴም ያን ቀንም ሆነ እስክትሞት ድረስ አላነሣችብኝም። ብታነሣብኝ ይሻለኝ ነበር። ዝናብ ሲገባ በሽታው ቆመ፤ ነርሷ በደንቡ ነው አለች፣ ሽማግሌው በዝናቡ ነው አሉ፣ ሰፈሩም ለሁለት ተከፍሎ ሲጨቃጨቅ ከረመ። እኔ ዛሬም መልሱን አላውቅም።

ከለቅሶው በሦስተኛው ቀን እናቴ ጥቁር እንደለበሰች ምሳ ዕቃውን ይዛ ተነሣች። ወዴት ነው ስላት ወደ ሆስፒታል አለችኝ። አበድሽ ወይ አልኳት። የልጅሽን ምግብ ስትበላ የከረመች ልጅ ናት፣ ምን አገባሽ አልኳት፤ ሌላም የማልጽፈው ነገር ተናገርኩ። ልጅቷን ጠልቻት ነበር። አንድ የሚያጎርሳት ሰው ሳታገኝ የሞተችውን እህቴን እያሰብኩ የዳነችውን ጠላኋት።

“አንዴ ያበላኋትን እንዴት ብዬ ነው የማስርባት?” አለች እናቴ።

አሥር ቀን ያህል አመላለሰች፤ እኔ አልሸኘኋትም። አንድ ቀን ተላላኪው ልጅቷ ነገ ትወጣለች ብሎ ነገራት። እባክሽ አብረሽኝ ነይ ስትለኝ እምቢ ማለት አቃተኝ። ጠዋት ከበሩ ጎን ካለው ግንብ ሥር ቆምን። እናቴ ውስጥ ገብታ ስለማታውቅ ልጅቷን አይታት አታውቅም፤ እኔ እንዳሳያት ነው የወሰደችኝ።

ረፋዱ ላይ ጋቢ የለበሰ ባላገር አጎቷ እጇን ይዞ ወጣ። ሻሽ አስረዋታል። ያቺ ናት አልኳት። ከበሩ ወጥተው ጀርባቸውን ሰጥተውን ሄዱ፤ ፊቷ አልታየም። እናቴ “ልጄ!” ብላ ተጣራች። ልጅቷ አልዞረችም። “አንቺ ልጅ!” ደግማ ተጣራች። አጎቷ የተጠሩት እነሱ አልመሰለውም። እናቴ ጉልበቷ ታሟል፤ መሮጥ አትችልም። ዞራ እኔን አየችኝ።

ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ሮጬ ትከሻዋን ብነካት ትዞር ነበር፤ እናቴም የፈለገችው ፊቷን ማየት ብቻ ነበር። እግሬን አላነሣሁም። እነሱም በአውቶቡስ ፌርማታው በኩል ታጥፈው ሄዱ።