ድንጋይ ላይ የምትጣበቀው ዓሣ

ቦንጋ የባዮሎጂ አስተማሪ ሆኜ የተመደብኩት ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው፤ ከተማው ባጃጅ ገና አላየም። የተከራየሁት ማር ከሚነግዱ አንዲት ሴት ግቢ ነበር። እኔ እትዬ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ልጄ ይሉኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው በታች ወዳለው ወንዝ ልብስ ልናጥብ አብረን እንወርዳለን።

አንድ ቅዳሜ ውሃው ከሚፈጥንበት ቦታ ድንጋይ ሳነሳ አንዲት ጠቆር ያለች ዓሣ ተጣብቃ አብራ ወጣች። ከጣቴ አትበልጥም። ላላቅቃት ብሞክር እምቢ አለች። በመጨረሻ አላቅቄ ገልብጬ ሳያት አገጯ ሥር ክብ ነገር አለ፤ ድንጋዩን የያዘችው በእሱ ነው። ስለ ዓሣ ክንፍና ስንጥብ ተምሬ አስተምራለሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር ግን አይቼ አላውቅም። በባልዲ ይዣት ወጣሁ።

ቤት ደርሰን ሰፊ አፍ ባለው የማር ጠርሙስ ውስጥ ስንጨምራት ጠርሙሱ ላይ ተለጠፈች፤ ሆዷ ከውጭ ይታይ ነበር። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ከፊቷ ተቀመጡ። ምን እንደምትበላ ጠየቁኝ። ወንዙ ሲሞላ ለምን እንደማይወስዳት ጠየቁኝ። አብዛኛውን አላውቅም ነበር። ወደ ማታ አፏን ቶሎ ቶሎ መክፈት ስትጀምር የቆመ ውሃ እንዳልተስማማት ገባኝና ወስደን ለቀቅናት።

ዐቢይ ጾም ሲገባ የእትዬ ወንድም ከማንኪራ መጡ፤ የብርብራ ፍሬ በከረጢት ይዘዋል። ብርብራ ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲበተን ዓሣው ይሰክርና ይንሳፈፋል፣ ከዚያ መልቀም ብቻ ነው። አባታቸውም የሚያደርጉት ነበር፤ ምንም ክፋት አላሰቡበትም። እትዬ ትንንሾቹ ምን እንደሚሆኑ ጠየቋቸው። አብረው ይሞታሉ፣ ወንዙ ሌላ ያመጣል አሉ።

"ከየት ነው የሚያመጣው?" አሉ እትዬ።

ወንድማቸው ወደ እኔ ዞሩ። ድንጋይ ላይ ስለምትጣበቀው ዓሣ ነገርኳቸው፣ ሌላ ወንዝ ውስጥ ትኑር አትኑር እንደማላውቅም ጨመርኩ፤ እዚህ ብቻ ያለች ከሆነ ግን አንዴ ካለቀች የሚተካት የለም።

"እስቲ መጀመሪያ ልያት" አሉ።

ጠዋት ሦስታችንም ወረድን። የእትዬ ወንድም ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡና ድንጋይ እያገላበጡ ሲፈልጉ ቆይተው አንዷን አገኙ። መዳፋቸው ላይ ተጣበቀች። እጃቸውን ቢያዘነብሉም አልወደቀችም። ሳቁ።

"ይህቺማ እየሳመችኝ ነው" አሉ፤ ከዚያም ቀስ ብለው ውሃው ውስጥ አኖሯት።

ከረጢቱ ሳይፈታ ቀረ። በመንጠቆ ሲሞክሩ ውለው የያዙት ለወጥ የሚበቃ ስላልነበረ ያን ቀን ሽሮ በላን። ሰዉ ሁሉ ብርብራ ተወ ማለት አይደለም፤ ከታች በኩል መበተኑ ቀጥሎ ነበር። እሳቸው ግን ልብስ የምናጥብበት አካባቢ ማንም እንዳይበትን ዘመዶቻቸውን እየዞሩ ለመኑ፣ ብዙዎቹም እሺ አሏቸው።

ከዓመታት በኋላ ዓሣ የሚያጠኑ አንድ ሰው ወደ ጎጀብ ሲያልፉ ቦታውን አሳየኋቸው። ሌላ ወንዝ ውስጥ የምትመስላት እንዳለች፣ አንድ ዓይነት መሆናቸውን ግን ሳያጠኑ መናገር እንደማይችሉ ነገሩኝ። እትዬ አጠገቤ ሆነው እንቁላሏን የት እንደምትጥል ጠየቋቸው። ሰውዬው እሱም ገና እንዳልታወቀ ነገሯቸው። ከዚያ በኋላ እኔና እትዬ በየበጋው ድንጋዮቹን እያነሳን እንቁላሏን ፈለግን። እስካሁን አላገኘንም፤ ምናልባት የምትጥለው ውሃው ደፍርሶ ምንም በማይታይበት በክረምት ይሆናል።