የተስተካከለው ጭብጨባ

መስከረም 3። እስከ ረፋድ የተሸጠ፦ አምስት ሲዲ።

ከዚያ ለመስቀል የምናወጣውን የጉራጊኛ አልበም ሱቄ ውስጥ ከፈትኩት። ዘፋኙ ጋሽ ክፍሌ ትንሽ ሰምተው "አጥፋው!" አሉ። "ይሄ ጭብጨባ የማነው? የወታደር ሰልፍ ነው እንዴ?"

ለአልበሙ የቀዳናቸው የመንደራቸው ሰዎች ሲያጨበጭቡ ከከበሮው ትንሽ ይቀድማሉ፤ እግር የሚያስነሳው እሱ ነው።

አቀናባሪው የዓመታት ወዳጄ ነው፤ ጭብጨባውን እንዳይነካ ቃል ገብቶልኝ ነበር። ደወልኩለት።

"በሶፍትዌር ከምቱ ጋር አገጣጠምኩት እንጂ ምን አጠፋሁ? ጥርት አለ እኮ!"

(ሰርግ ላይ ሲጨፍር አይቼዋለሁ፤ መገጣጠም የነበረበት እሱ ነው።)

ጋሽ ክፍሌ ግን እኔ ያዘዝኩት መስሏቸው፣ ደህና ዋል እንኳ ሳይሉኝ ወጡ።

እናንተስ፣ አምናችሁ የሰጣችሁትን "አስተካከልኩ" ብሎ ያበላሸባችሁ አለ?

ነገ፦ ያልተነካውን ቅጂ ከስቱዲዮ ወስዶ ጋሽ ክፍሌ ቤት መሄድ።